ኤችአይቪን ቀስቅሶ ማጥፋት ይሻላል ወይስ እስከ ወዲያኛው ማስተኛት? ስለ ኤፒጄኔቲክስና ስለ ተላላፊ በሽታዎች እንወያይ

ጤና_አዳም (ክሩን የከፈተ)

ሰላም ለሁላችሁ። ስለ ኤፒጄኔቲክስ ከሚወራው አብዛኛው ካንሰርና እርጅና ላይ ያተኩራል። እኔን ሁሌም የሚስበኝ ግን ሌላው ጎኑ ነው፤ ተላላፊ በሽታዎች። የተማርኩት ባዮሎጂ ነው፣ በዚህ ጉዳይ የሚወጣውን ነገርም በተቻለኝ መጠን እከታተላለሁ። እዚህ ላብራቶሪ የምትሠሩም፣ ሕሙማን የምትንከባከቡም ስላላችሁ አብረን እንድናየው ብዬ ነው። ዓመቶቹን ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ውሰዱልኝ።

ለማያውቁት ባጭሩ። ኤፒጄኔቲክስ ማለት የዲኤንኤው ፊደላት ሳይቀየሩ ጂኖች የሚከፈቱበትና የሚዘጉበት መንገድ ነው። በእያንዳንዱ ህዋሳችን ውስጥ ሁለት ሜትር ገደማ የሚረዝም ዲኤንኤ አለ። በዓይን የማይታይ ኒውክለስ ውስጥ የሚገባው፣ ክር እንዝርት ላይ እንደሚጠመጠም ሂስቶን በሚባሉ ፕሮቲኖች ላይ ተጠምጥሞ ነው። ስምንት ሂስቶኖች አንድ ላይ ሆነው 147 የዲኤንኤ ፊደላትን ይይዛሉ። ጥምጥሙ ሲላላ ጂኑ ይነበባል። ሲጠብቅ ዝም ይላል። የሚያላላው ሂስቶኑ ላይ የሚለጠፍ አሴታይል የተባለ ኬሚካል ነው። ይህን ኬሚካል የሚያነሱ ኢንዛይሞች ደግሞ ጥምጥሙን መልሰው ያጠብቁታል። ዲኤንኤው ራሱ ላይ ሜታይል የተባለ ሌላ ኬሚካል ሲለጠፍም ብዙውን ጊዜ ጂኑ ይዘጋል። በዚህ ሁሉ መሀል የፊደላቱ ቅደም ተከተል አይነካም።

አሁን ወደ ቁም ነገሩ። ኤችአይቪ ሲዲ ፎር የተባለ የመከላከያ ህዋስ ውስጥ ገብቶ የራሱን ዘረመል ከእኛ ዲኤንኤ ጋር ይቀላቅላል። ከእነዚህ ህዋሶች ጥቂቶቹ ሳይሞቱ ወደ ዕረፍት ይገባሉ። ያኔ ጥምጥሙ ቫይረሱ ላይም ይጠብቃል። ቫይረሱ ምንም አያመርትም፣ ሰውነትም አያየውም። ፀረ ኤችአይቪ መድኃኒቶች ደግሞ የሚሠሩት ቫይረሱ ሲባዛ ነው። የተኛውን አይነኩትም። መድኃኒቱን በአግባቡ በሚወስድ ሰው ላይ ይህ የተደበቀ ክምችት በግማሽ ለመቀነስ 44 ወር ገደማ ይፈጅበታል። በዚህ አካሄድ ተሟጦ እስኪያልቅ ከ70 ዓመት በላይ መጠበቅ ያስፈልጋል ማለት ነው። መድኃኒቱ ከተቋረጠ ቫይረሱ አብዛኛውን ጊዜ በሳምንታት ውስጥ ይመለሳል።

መፍትሔ ፍለጋው ሁለት መንገድ ይዟል። አንደኛው ቫይረሱን ቀስቅሶ ማጥፋት ነው። ሁለተኛው ጭራሽ እንዳይነቃ አድርጎ መቆለፍ ነው። እኔ ወደ ሁለተኛው አደላለሁ። እናንተስ? ስለ ሄፓታይተስ ቢ፣ ስለ ቲቢና ስለ ወባ የምታውቁት ካለም አምጡት።

ኪዳን_77

ስፈልገው የነበረ ርዕስ ነው። እየተከታተልኩ ነኝ።

የላብ_ልጅ

መቀስቀሱን እኔ ልጀምር።

ሐሳቡ እንዲህ ነው። አሴታይል የሚያነሱትን ኢንዛይሞች በመድኃኒት ከከለከልካቸው ጥምጥሙ ይላላል፣ ቫይረሱም ይነቃል። ከነቃ በኋላ ወይ ቫይረሱ ራሱ ህዋሱን ይገድለዋል፣ ወይ ገዳይ የመከላከያ ህዋሶች ለይተውት ይጨርሱታል። ኤአርቲው፣ ማለትም መደበኛው ፀረ ኤችአይቪ ሕክምና፣ ደግሞ የወጣው ቫይረስ ሌላ ህዋስ እንዳይዝ ይጠብቃል።

ከቀደሙት ሙከራዎች አንዱ የተደረገው በቫልፕሮይክ አሲድ ነው፤ ለሚጥል በሽታ በሚሰጠው መድኃኒት። በ2005 በወጣ ጥናት 4 ሰዎች ወስደውት በ3ቱ ክምችቱ የቀነሰ መሰለ። ብዙ ሰው ተስፋ አደረገ። በኋላ የመጡት ጥናቶች ግን ያንን ውጤት ሊያገኙት አልቻሉም።

ቀጥሎ ቮሪኖስታት መጣ። በ2006 ለአንድ ዓይነት የቆዳ ሊምፎማ የተፈቀደ የካንሰር መድኃኒት ነው። በ2012 የታተመውን ጥናት ጠጋ ብላችሁ እዩት፣ በጣም የሚያምር ሥራ ነው። ተሳታፊዎቹ ኤአርቲ እየወሰዱ ቫይረሱ በደማቸው የማይታይ 8 ሰዎች ናቸው። ለእያንዳንዳቸው 400 ሚሊግራም ቮሪኖስታት አንዴ ተሰጣቸው። ከደማቸው ውስጥ ዕረፍት ላይ ያሉት ሲዲ ፎር ህዋሶች ብቻ ተለይተው ወጡ። እነዚያ ህዋሶች ውስጥ ያለው የኤችአይቪ አርኤንኤ፣ ማለትም ቫይረሱ ሲነበብ የሚወጣው ቅጂ፣ ተለካ። በሁሉም ላይ ጨምሮ ተገኘ፣ በአማካይ 4.8 እጥፍ። የተኛ ቫይረስ በሰው አካል ውስጥ እያለ በዚህ ዓይነት መድኃኒት ሊነካ እንደሚችል ያሳየ ነው። እኔ ወደዚህ ሙያ እንድገባ ከገፋፉኝ ጽሑፎች አንዱ ስለሆነ ዛሬም ሳስታውሰው ደስ ይለኛል።

ጣጣው የመጣው ከዚያ በኋላ ነው። ቫይረሱ ይነቃል፣ ህዋሱ ግን አይሞትም። በዚያው ዓመት የወጣ የላብራቶሪ ጥናት እንዳሳየው፣ ገዳይ ህዋሶቹ አስቀድመው ካልተነቃቁ በስተቀር የነቃውን ህዋስ ዝም ብለው ያልፉታል። ስለዚህ ሁለቱን አንድ ላይ እናድርግ ተባለ። በእንግሊዝ የተደረገው ሪቨር የተባለ ሙከራ 60 ሰዎች ነበሩት፣ ሁሉም ኤችአይቪ በቅርቡ የያዛቸው። ግማሾቹ ኤአርቲ ብቻ ወሰዱ። የቀሩት ኤአርቲውን ሳያቋርጡ ገዳይ ህዋሶችን የሚያሠለጥኑ ሁለት ክትባቶችና 10 መጠን ቮሪኖስታት ወሰዱ። ውጤቱ በ2020 ታተመ። በሁለቱ ቡድኖች ክምችት መካከል ልዩነት አልተገኘም።

ምክንያቱ አንድ አይደለም። አንደኛ፣ ቫይረሱ የተቀመጠው በአንድ ቦታ አይደለም። በእያንዳንዱ ህዋስ ውስጥ ሌላ ሌላ የዲኤንኤ ክፍል ላይ ነው የገባው፤ የጥምጥሙ ጥብቀትም ይለያያል። አንድ መድኃኒት ከሁሉም ጥቂቱን ብቻ ነው የሚቀሰቅሰው። ሁለተኛ፣ ከእነዚህ መድኃኒቶች አንዳንዶቹ ገዳይ ህዋሶቹን ራሳቸውን ያዳክማሉ። ልትገድልበት የፈለግከውን ክንድ አንተው ታስረዋለህ ማለት ነው።

ይህ ሁሉ ሆኖ፣ መንገዱ ተዘግቷል የሚለውን አልቀበልም። መቀስቀስ ተችሏል። መግደሉ ነው የቀረው።

ጤና_አዳም

የላብ ልጅ፣ ወንድሜ፣ እግዚአብሔር ይስጥህ። ይሄን ያህል ተብራርቶ አላየሁም።

እኔን ወደ መቆለፉ የሚስበኝ በተፈጥሮ የሆነ ምሳሌ ስላለ ነው። ያለ ምንም መድኃኒት ቫይረሱን ለዓመታት ተቆጣጥረው የሚኖሩ ጥቂት ሰዎች አሉ። በ2020 በ64 እንደዚህ ዓይነት ሰዎች ላይ የተሠራ ጥናት ታትሟል። በእነሱ ውስጥ የቀረው ቫይረስ ከሌሎች ሰዎች በበለጠ የተገኘው ጥምጥሙ በጣም በጠበቀበት የዲኤንኤ ክፍል ነው። ሙሉ ቫይረስ ነው፣ ግን ከተቀበረበት መውጣት አልቻለም። መቆለፍ ማለት ለእኔ ይሄ ነው።

በመድኃኒት በኩል ደግሞ ቫይረሱ ራሱን ለማንቃት የሚጠቀምበትን ታት የተባለ ፕሮቲን የሚያግድ ነገር አለ። መነሻው ከባሕር ስፖንጅ የተገኘ ኬሚካል ነው። ታት ለረጅም ጊዜ ሲታገድ በቫይረሱ ዙሪያ ያለው ጥምጥም እየጠበቀ ይሄዳል። በአይጦች ላይ ኤአርቲ ከቆመ በኋላ የቫይረሱን መመለስ እስከ 19 ቀን አዘግይቷል።

ፍቅርተ_ዘ

ጤና አዳም፣ 19 ቀን በአይጥ ላይ ጥሩ ጅምር ነው። ከዚህ ተነስቶ ፈውስ ማለት ግን ይከብደኛል።

የእኔ ጥያቄ የቁጥር ነው። ለመቆለፍ ሁሉም የተኙ ቫይረሶች ተቆልፈው መቅረት አለባቸው። አንዷ ህዋስ ብቻ ብትነቃ እሳቱ እንደገና ይነሳል። በዚያ ላይ እነዚህ ህዋሶች ዝም ብለው አይቀመጡም። ሌላ ኢንፌክሽን ሲመጣ ተነስተው ይከፋፈላሉ። ህዋሱ በተከፋፈለ ቁጥር ጥምጥሙ ተፈትቶ እንደገና ይሠራል። ቁልፉ ያንን ሁሉ ማለፍ አለበት፣ ለዚያውም በዕድሜ ልክ።

ደግሞ እነዚያ 64ቱ ሰዎች የተገኙበት ሁኔታ የተለየ ነው። ምናልባት ገዳይ ህዋሶቻቸው ጠንካራ ስለሆኑ የሚታየውን ቫይረስ ሁሉ ለቅመው ጨርሰው፣ የማይታየው ብቻ ቀርቶላቸው ይሆናል። እንደዚያ ከሆነ መቆለፉ የድሉ ውጤት እንጂ ምክንያቱ አይደለም። ምሳሌው እንዲያውም የላብ ልጅን ሐሳብ ነው የሚደግፈው።

የላብ_ልጅ

ፍቅርተ ያነሳችው ነጥብ ትክክል ነው። አጥኚዎቹ ራሳቸው የሚሰጡት ማብራሪያም ወደዚያ ያደላል፤ መከላከያው ለረጅም ዓመታት መርጦ መርጦ ያስቀረው ነው ይላሉ።

ሲስተር_ማ

ልጆች፣ ውይይታችሁ ደስ ይላል። እኔ ኤአርቲ ክፍል ውስጥ ለዓመታት የሠራሁ ነርስ ነኝ። አንድ ነገር ጣልቃ ላስገባ።

እንደዚህ ዓይነት ወሬ ሲወጣ ሕሙማን «ሲስተር፣ ማጥፊያው ተገኘ አሉ፣ ክኒኑን ላቁም?» ብለው ይመጣሉ። መልሱ አይቆምም ነው። እስካሁን እዚህ የተጠቀሰው መድኃኒት ሁሉ በጥናት ውስጥ ያለ እንጂ ለኤችአይቪ የተፈቀደ አይደለም። አሁን ያለው መድኃኒት ደግሞ ትልቅ ነገር ነው። በአግባቡ ወስዶ የቫይረሱ መጠን በደም ውስጥ የማይታይ ደረጃ የደረሰ ሰው በግብረ ሥጋ ግንኙነት ቫይረሱን አያስተላልፍም። ጤናው ተጠብቆ ረጅም ዕድሜ ይኖራል።

ሌላው፣ በየማኅበራዊ ሚዲያው «ጂን የሚያነቃ»፣ «ኤፒጄኔቲክ» እየተባለ የሚሸጥ ዱቄትና ክኒን አለ። ኤችአይቪንም ሆነ የጉበት ቫይረስን የሚያድን እንደዚህ ዓይነት ነገር የለም። ሰው ገንዘቡን ብቻ ቢያጣ ባልከፋ። መድኃኒቱን አቋርጦ ሲመጣ ነው አንጀት የሚበላው።

ኪዳን_77

ሲስተር፣ እናመሰግናለን፤ ይሄ መባል ነበረበት። ግን እኔም አንድ የሚያሳስበኝ ነገር አለ። ቮሪኖስታት የካንሰር መድኃኒት ነው ብላችኋል። ጥምጥሙን የሚያላላው ደግሞ ቫይረሱ ላይ ብቻ አይደለማ? ሌሎቹ ጂኖቻችንስ?

የላብ_ልጅ

ትልቁ ጥያቄ እሱ ነው። አዎ፣ የትኛው ጂን ጋ እንደሚሄድ አይመርጥም። በካንሰር ሕክምና ላይ የታወቁት ጉዳቶቹ ድካም፣ ማቅለሽለሽ፣ ተቅማጥና የደም ፕሌትሌት መቀነስ ናቸው። የካንሰር ሕመምተኛ ይህን ይቀበላል፣ ሌላ ምርጫ ስለሌለው። ኤችአይቪ ያለበት ሰው ግን በቀን አንድ ክኒን ወስዶ ጤነኛ ሆኖ እየኖረ ነው። አሁን በየሁለት ወሩ የሚሰጥ መርፌም መጥቷል። እንዲህ ያለውን ሰው «ና፣ መርዛማ ነገር ልስጥህ፣ ምናልባት ትድናለህ» ማለት ከባድ ነው። ለዚህ ነው ሙከራዎቹ በአነስተኛ መጠንና በጥቂት ሰዎች ላይ የሚደረጉት። በዚህ ላይ አጥኚዎቹ ጥንቃቄ አበዙ ብሎ መውቀስ ተገቢ አይመስለኝም።

ጉበት_ነክ

እስካሁን ሁላችሁም ኤችአይቪ ላይ ናችሁ። ኤፒጄኔቲክስ ቀድሞ ውጤት የሚያመጣው ሄፓታይተስ ቢ ላይ ነው ብዬ አምናለሁ። ለምን እንደሆነ ልንገራችሁ።

በዓለም ጤና ድርጅት ግምት በ2022 ሥር ከሰደደ ሄፓታይተስ ቢ ጋር የሚኖረው ሰው 254 ሚሊዮን ነበር። በዚያው ዓመት 1.1 ሚሊዮን ሰው ሞቶበታል፤ በአብዛኛው በጉበት መጨማደድና በጉበት ካንሰር። ቫይረሱ የጉበት ህዋስ ውስጥ ሲገባ ዲኤንኤውን ወደ ኒውክለስ ወስዶ እንደ ቀለበት ይዘጋዋል። ከዚያ የእኛኑ ሂስቶኖች ይለብሳል። ልክ እንደ አንድ ትንሽ ክሮሞዞም ማለት ነው። ቴኖፎቪርና ኢንቴካቪር የተባሉት የሄፓታይተስ ቢ መድኃኒቶች አዲስ ቫይረስ እንዳይሠራ ያግዳሉ፣ ቀለበቱን ግን አይነኩትም። ብዙ ሰው መድኃኒቱን ለዓመታት፣ አንዳንዴም ለዕድሜ ልክ የሚወስደው ለዚህ ነው።

ህዋሳችን ይህን ቀለበት ዝም ለማሰኘት ይሞክራል። ለዚህ የሚጠቀምበት የፕሮቲኖች ስብስብ አለው። ቫይረሱ ደግሞ ኤክስ የተባለ ፕሮቲን አምርቶ ያንን ስብስብ ያስፈርሰዋል። ይህ በ2016 ነው የታወቀው። ማለትም ቫይረሱ ራሱ ከኤፒጄኔቲክስ ጋር በየቀኑ ትግል ላይ ነው። እኛ የሚጠበቅብን ለሰውነታችን ማገዝ ነው።

አሁን የመጣው አዲሱ መንገድ ኤፒጄኔቲክ አርትዖት ይባላል። ክሪስፐርን ታውቁታላችሁ፤ ዲኤንኤን ፈልጎ የሚቆርጠውን። እዚህ ላይ መቁረጫው እንዳይሠራ ይደረጋል፣ ፈልጎ የማግኘት ችሎታው ብቻ ይቀራል። በመቁረጫው ፋንታ ሜታይል የሚለጥፍ ኢንዛይም ይገጠምለታል። የቫይረሱን ዲኤንኤ ፈልጎ ያገኛል፣ ሜታይል ይለጥፍበታል፣ ይዘጋዋል። ምንም አይቆረጥም። ኪዳን ለጠየቀው ጥያቄም መልስ አለው፤ ቮሪኖስታት ሁሉም ጋ ሲደርስ ይሄኛው ወደተላከበት አድራሻ ነው የሚሄደው።

ማድረሻውም ዝግጁ ነው። ለኮቪድ ክትባት እንደተደረገው መመሪያው በኤምአርኤንኤ ተጽፎ በጥቃቅን የስብ እንክብሎች ውስጥ ይገባል። እነዚህ እንክብሎች በደም ሥር ሲሰጡ በተፈጥሯቸው አብዛኛው ክፍላቸው ጉበት ጋ ነው የሚሄደው። ኤችአይቪ ግን የተደበቀው በሊምፍ ዕጢ፣ በአንጀት፣ በየቦታው ነው። እዚያ ሁሉ ምን ያደርስልሃል? ለሄፓታይተስ ቢ የሰው ላይ ሙከራ የተጀመረው ለዚህ ነው።

ፍቅርተ_ዘ

ጉበት ነክ፣ ተባረክ። እኔ ስለ ቲቢ ልጨምር፣ ምክንያቱም እዚያ ነገሩ ይገለበጣል። ቲቢ የራሱን ጂን ሳይሆን የእኛን ነው የሚያስተኛው።

ባክቴሪያው ማክሮፋጅ የሚባለው በላተኛ ህዋስ ውስጥ ይኖራል። እዚያ ሆኖ ወደ ህዋሱ ኒውክለስ የሚላክ ፕሮቲን ያመነጫል። ፕሮቲኑ ሂስቶን ላይ ሜታይል ለጥፎ የመከላከያ ጂኖችን ይዘጋል። በቲቢ ታማሚዎች የመከላከያ ህዋሶች ዲኤንኤ ላይ ሜታይል በዝቶ ተገኝቷል። ሕክምናው ተሳክቶ ከተጠናቀቀ ከወራት በኋላም አልጠፋም። እኔን ይሄ በጣም ያሳስበኛል። ሰውየው ድኗል ብለን እናሰናብተዋለን፣ መከላከያው ግን ገና አላገገመም።

የተዘጋውን ለመክፈት ፌኒልቡቲሬት የተባለ መድኃኒት ከቫይታሚን ዲ ጋር ተሞክሯል። ሁለቱ አንድ ላይ ሆነው ማክሮፋጁ ባክቴሪያ የሚገድል ፕሮቲን እንዲያመርት ያደርጉታል። ከመደበኛው የቲቢ መድኃኒት ጋር ተደርቦ በባንግላዴሽና በኢትዮጵያ ተጠንቷል። ሕመሙ ቶሎ ቀለል እንዲል ረድቷል። አክታው ቶሎ ከባክቴሪያ ይጸዳል ወይ በሚለው ላይ ግን የሁለቱ አገሮች ውጤት አልተገጣጠመም። በነገራችን ላይ ይህ ለቲቢ መድኃኒት ምትክ አይደለም፤ ሲስተር እንዳሉት።

የቲቢ ክትባት የሆነውን ቢሲጂንም አንርሳ። ከ1921 ጀምሮ ለሰው የሚሰጥ ክትባት ነው። በ2012 ኔዘርላንድ ያሉት ተመራማሪዎች እነ ሚሃይ ኔቴያ እንዳሳዩት፣ ቢሲጂ ሞኖሳይት በሚባሉት ህዋሶች ሂስቶን ላይ ምልክት ይተዋል። እነዚህ ህዋሶች ከቲቢ ጋር ዝምድና ለሌላቸው ተህዋስያንም ከተከተቡ ከሦስት ወር በኋላ ሳይቀር በርትተው መልስ ሰጡ። የሚገርመው ሞኖሳይት በደም ውስጥ የሚቆየው ለቀናት ብቻ ነው። ታዲያ ትዝታው እንዴት ቆየ? በ2018 በአይጦች ላይ እንደታየው ትምህርቱ የሚቀመጠው መቅኔ ውስጥ ባሉት እናት ህዋሶች ላይ ነው።

ኮቪድ ሲመጣ ይህን ተስፋ በማድረግ በጤና ባለሙያዎች ላይ ትልቅ ሙከራ ተደረገ። ቢሲጂ ከኮቪድ እንደሚከላከል አላሳየም። የተማረ መከላከያ ሁሉን ይችላል ማለት አይደለም።

አረንጓዴ_ማስታወሻ

የወባውን እኔ በአጭሩ። ፋልሲፓረም የተባለው የወባ ተህዋስ 60 የሚያህሉ ቫር የሚባሉ ጂኖች አሉት፤ በያዘው ቀይ የደም ህዋስ ገጽ ላይ የሚወጣውን ፕሮቲን የሚሠሩ ናቸው። በአንድ ጊዜ የሚከፍተው አንዱን ብቻ ነው። ሌሎቹን ሂስቶን ላይ በሚለጠፍ ሜታይል ይዘጋቸዋል። ሰውነታችን አንዱን ለይቶ መምታት ሲጀምር ተህዋሱ ያንን ዘግቶ ሌላ ይከፍታል። ወባ ደጋግሞ የሚይዘን አንዱ ምክንያት ይሄ ነው።

ሌላው የወባ ተህዋስ ቫይቫክስ ደግሞ ጉበት ውስጥ ተኝቶ ከወራት በኋላ ያገረሻል። የተኛውን የሚገድሉት ፕሪማኩይንና ታፌኖኩይን ናቸው። ጂ-ስድስት-ፒዲ የተባለ ኢንዛይም የሚያንሳቸው ሰዎች ሲወስዷቸው ግን ቀይ የደም ህዋሳቸው ይፈርሳል። ስለዚህ ሌላ መድኃኒት በጣም ያስፈልጋል። አሁን ሜታይል ላይ የሚሠሩ፣ ቀድሞ ለደም ግፊት የተሠሩ ኬሚካሎች በላብራቶሪ ውስጥ የተኛውን ቫይቫክስ እንደሚጎዱ ታይቷል። ገና ላብራቶሪ ላይ ነው ያለው። የተህዋሱ ኢንዛይሞች ከእኛዎቹ ጋር ስለሚመሳሰሉ እሱን ብቻ ለይቶ መምታቱ ነው የሚያስቸግረው።

ኪዳን_77

ጉበት ነክ፣ አንድ የመጨረሻ ጥያቄ። የተለጠፈው ሜታይል እስከ መቼ ይቆያል? ፍቅርተ ለኤችአይቪ ያነሳችው የመከፋፈል ጉዳይ ጉበት ላይስ አይመጣም?

ጉበት_ነክ

ይመጣል፣ ግን ጉበት ላይ ነገሩ ይለያል።

የጉበት ህዋስ እንደ መከላከያ ህዋስ ቶሎ ቶሎ አይከፋፈልም። ሲከፋፈል ደግሞ ሁለት ነገር አለ። ቀለበቱ እንደ ክሮሞዞማችን ተባዝቶ እኩል አይከፈልም፣ ስለዚህ እየሳሳ ይሄዳል። ከእኛ ዲኤንኤ ጋር የተቀላቀለ የቫይረሱ ቁራጭ ግን አለ፤ እሱ ከክሮሞዞማችን ጋር አብሮ ይባዛል። እዚያ ላይ የተለጠፈውን ሜታይል ህዋሱ ራሱ ወደ አዲሱ ቅጂ የሚገለብጥበት ኢንዛይም አለው። መዘጋቱ ለልጅ ህዋሶች ሊተላለፍ ይችላል ማለት ነው። ይህ በሰው ላይ ምን ያህል ዓመት እንደሚጸና የሚያሳየው ሙከራው ነው።

ውጤቱ ሲወጣ አንድ ነገር ላይ ብቻ አተኩሩ። የቫይረሱ ዲኤንኤ በደም ውስጥ መጥፋቱ ብቻውን አይበቃም፣ እሱን ቴኖፎቪርም ያደርገዋል። የላይኛው ሽፋን ፕሮቲን፣ ማለትም በተለመደው የደም ምርመራ «ፖዘቲቭ» የሚያሰኘው፣ መጥፋት አለበት። ሕክምናው ሁሉ ከቆመ ከ24 ሳምንት በኋላም ሁለቱም እንደጠፉ መገኘት አለባቸው። ሐኪሞች የሚሠራ ፈውስ የሚሉት ያንን ነው። ቁጥሩ እንደወጣ እዚሁ ክር ላይ እለጥፈዋለሁ።